ቤቱን እየሳበ የሚዞር ሰባኪ፤ ስለ ሚሲዮናውያን የጉብኝት ንግግር የተደረገ ምርመራ

ከንግግር ዓይነቶች ሁሉ ልመና የከበደ ነው። ሹም ሲናገር ሥልጣኑ ይረዳዋል፤ ዳኛ ሲፈርድ ሕጉ ይደግፈዋል፤ ነጋዴም ሲያሻሽጥ ዕቃው በፊቱ ተዘርግቶ ይናገርለታል። ለማኝ ግን ከቃሉ በቀር ረዳት የለውም። ቃሉ ቢበዛ ቀባጣሪ፥ ቢያንስ ኵሩ፥ ቢያምር አታላይ፥ ባያምር ሰነፍ ይባላል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአኩፋዳው ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ በየደጁ ቆሞ ቍራሽ የለመነ ሁሉ፥ የትኛው ቃል በር እንደሚያስከፍት፥ የትኛውም እንደሚያስዘጋ ያውቃል። ስለዚህ የልመናን ንግግር እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት አድርገን ብንመረምር፥ ከሙያችን የወጣን አይምሰላችሁ።

ዛሬ የምንመረምረው ንግግር በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ይኸውም ወደ ሩቅ አገር ሊላክ ያለ፥ ወይም ተልኮ ለዕረፍት የተመለሰ ሚሲዮናዊ፥ በገንዘባቸውና በጸሎታቸው የሚረዱትን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ እየጐበኘ የሚያሰማው ቃል ነው። የዚህ ልማድ ምክንያቱ የገንዘቡ አሰባሰብ ነው። የደቡብ ባፕቲስት የሚባሉት ማኅበረ ምእመናን በ1925 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) መዋጮአቸውን በአንድ ሣጥን አጠራቅመው ለሚሲዮናውያን ደመወዝ የሚያድሉበትን ሥርዓት አቋቋሙ። ነጻ ባፕቲስት የሚባሉትና የሚመስሏቸው ግን እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ እንዲቆም ስለሚወዱ፥ ሚሲዮናዊው ራሱ ይዞራል። ከአንዱ አጥቢያ በየወሩ ጥቂት ብር፥ ከሌላውም ጥቂት ብር ይቀበላል፤ የሚያስፈልገው እስኪሞላ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በመንገድ ይኖራል። ከሄደበትም ሲመለስ፥ ያደረገውን ሊያስረዳና ሊያመሰግን እንደ ገና ያንኑ መንገድ ይጓዛል።

አገሩ ሰፊ ስለ ሆነ፥ አጥቢያዎቹም ተራርቀው ስለሚገኙ፥ ባለ ሚስትና ባለ ልጆች የሆኑት አንዳንዶቹ ካምፐር በሚባለው፥ አልጋና ምድጃ፥ ጠረጴዛና መታጠቢያ ባለው፥ በመንኰራኵር ላይ በተሠራ ቤት ይጓዛሉ። አንዳንዱ ቤት የራሱ ሞተር አለው፤ አንዳንዱም በመኪና የሚሳብ ነው። ይህ ዓይነት ቤት ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1959 ከኬፕ ታውን ተነሥተው ወደ ካይሮ የተጓዙ አሜሪካውያን አገር ጐብኚዎች እንዲህ ያሉትን ተሳቢ ቤቶች እየሳቡ በኢትዮጵያ አልፈዋል። ሚሲዮናዊውም ቤቱን በአጥቢያው ቅጥር አቁሞ፥ ኤሌክትሪኩን ከቤተ ክርስቲያኑ ስቦ፥ ልጆቹን በዚያው እያስተማረ፥ እሑድ ተናግሮ ሰኞ ይነሣል።

የዚህን ንግግር መልክ ያየ ሰው በቀላሉ ያስታውሰዋል። በመግቢያው በኩል አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ በላዩ ከሄዱበት አገር የመጣ ጨርቅና ቅርጫት ይዘረጋል፤ የቤተ ሰቡ ሥዕል የታተመበት፥ ምእመናን ለጸሎት ማስታወሻ ወደ ቤታቸው የሚወስዱት ትንሽ ካርድ ይደረደራል። ከዚያ ሚሲዮናዊው ይቆማል፤ የአገሩን ሥዕል በግድግዳ ላይ እያሳየ፥ ጥቂት ደቂቃ የተሰጠው እንደ ሆነ ባጭሩ፥ ሙሉው ጊዜ የተሰጠው እንደ ሆነ በስፋት ይናገራል። በእኛ አነጋገር፥ አጭሩ ጉባኤ ቃና፥ ረጅሙ መወድስ ነው ማለት ነው። በመጨረሻም መባ ይሰበሰባል።

የዚህ ንግግር አባት ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በየሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 መጨረሻ እናገኘዋለን። ጳውሎስና በርናባስ ከመጀመሪያው ጕዞአቸው ወደ ላከቻቸው ወደ አንጾኪያ ተመልሰው ማኅበሩን ሰበሰቡ፤ የሆነውንም ነገሩ። ሉቃስ ይህን ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት እንደ ሠራው የሰዋስው ሰው ልብ ይበል። የግሡ ባለቤት እግዚአብሔር ነው፤ ያደረገ እርሱ ነው፤ የእምነትን በር ለአሕዛብ የከፈተም እርሱ ነው። ሐዋርያቱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚገኙት ከእርሱ ጋር እንደ ነበሩ ብቻ ነው። በልስጥራን ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ እንደ ሞተ ሰው ከከተማ ውጭ ተጥሎ ነበር፤ ነገር ግን ሉቃስ በአንጾኪያው ጉባኤ ላይ ቍስሉን አሳየ አላለንም። መባ ሰበሰበም አላለንም። ይልቁንም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ብዙ ቀን ተቀመጡ ይለናል። እሑድ ተናግሮ ሰኞ የሚነሣው መንገደኛ ከዚህ ሊማረው የሚገባ ነገር አለ።

ሁለተኛው አርአያ የፊልጵስዩስ መልእክት ነው። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የፊልጵስዩስ ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ላኩለት። መልሱን ስናነብ የምስጋናው ቃል በመጀመሪያ አይመጣም፤ በ4ኛው ምዕራፍ፥ ሌላው ትምህርት ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ሲመጣም እጅግ በተጠነቀቀ ቃል ነው። ደስ አለኝ ይላል፤ ወዲያውም ስለ ማጣቴ አልተናገርሁም ይላል፤ መልካም አደረጋችሁ ይላል፤ ወዲያውም ስጦታውን ፈልጌ አይደለም ይላል። የነጋዴ ቃል፥ መስጠትና መቀበል፥ ወደ ሂሳብ መቈጠር የሚለውን ያነሣል፤ በመጨረሻ ግን ያንኑ ሂሳብ ወደ መሥዋዕት መዓዛ ይለውጠዋል። ይህ ፍጹም የሆነ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ የገበያ፥ ወርቁ የመሠዊያ ነው። ሰጪው ከፍ ብሎ እንዳይታበይ፥ ተቀባዩም ዝቅ ብሎ እንዳይዋረድ፥ ሁለቱን በአንድ መሠዊያ ፊት አቆማቸው። ለምስጋና ደብዳቤ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

ሦስተኛው አርአያ ስለ ገንዘቡ አያያዝ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኆች መዋጮ ሲሰበስብ፥ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፥ ገንዘቡን ብቻውን ለመያዝ እንቢ አለ። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨመረ፤ ምክንያቱንም ሳይሸፍን ተናገረ፤ ማንም እንዳይነቅፈን በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እናስባለን የሚል አሳብ ነው። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ምስክር ከፈለገ፥ ከእርሱ በታች ያለ ሁሉ ምስክር ቢጠየቅ ሊቈጣ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤታችን መጽሐፍ እንመለስ። ትምህርተ ሐዋርያት የሚባለው የጥንት መጽሐፍ በግሪክኛ ሙሉው በ1873 በቍስጥንጥንያ በፊሎቴዎስ ብርየንዮስ እጅ ተገኝቶ በ1883 ሲታተም፥ የአውሮፓ ሊቃውንት እጅግ ተደነቁ። ስለ ተጓዥ ሐዋርያትና ነቢያት የሚናገረው ክፍል ግን በግእዙ ሲኖዶሳችን ውስጥ ተጠብቆ ይኖር ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የሚመጣው ሐዋርያ እንደ ጌታ ይቀበሉት፤ ነገር ግን አንድ ቀን ይደር፥ ግድ ከሆነም ሁለት፤ ሦስተኛውን ቀን ቢጨምር ሐሰተኛ ነው። ሲሄድም እስከሚያድርበት ድረስ የሚበቃ እንጀራ ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ብር ቢጠይቅ ሐሰተኛ ነው። ነገር ግን ስለ ሌሎች ችግረኞች ስጡ ቢል ማንም አይፍረድበት።

አንባቢ ሆይ፥ የጉብኝቱ ንግግር ሁሉ የሚመዘነው በዚህ በመጨረሻው ቃል ነው። ስለ ራስ መለመንና ስለ ሌላ መለመን በሕግ ተለያዩ። የሚሲዮናዊው ንግግር ችግር ግን ሁለቱ በአንድ አፍ መገናኘታቸው ነው። ስለ ሩቁ ድኻ ይናገራል፤ የሚሰበሰበው ብር ግን ብዙው የራሱ ቤተ ሰብ መኖሪያ፥ የጉዞውም ነዳጅ ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ይኑር ተብሎ ታዟልና። ነውሩ የሚገባው ሰሙና ወርቁ ሲቀላቀሉ ነው፤ ስለ ድኻው ሰም እየተናገረ ለራሱ ወርቅ ሲያወጣ፥ ሰሚውም የሰጠው ለማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሲቀር። በቅኔ ወርቅን መሰወር ጥበብ ነው፤ በሂሳብ ግን ወርቅን መሰወር ስርቆት ነው።

ይህን ችግር ያዩ ሰዎች ልዩ ልዩ መድኃኒት ሞክረዋል። በ1792 በእንግሊዝ አገር በኬተሪንግ ከተማ ጥቂት የባፕቲስት ሰባኪዎች ተሰብስበው 13 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ለመስጠት ቃል ገቡ፤ በሚከተለውም ዓመት ዊልያም ኬሪን ወደ ህንድ ላኩ። በአገር የቀረው አንድሩ ፉለር የሄዱትን ወደ ጥልቅ ጕድጓድ በገመድ እንደ ወረዱ ሰዎች፥ የቀሩትንም ገመዱን እንደ ያዙ አድርጎ መሰለ። እርሱም በ1815 እስኪሞት ድረስ ገመዱን ይዞ ኖረ፤ ስኮትላንድን ብቻ 5 ጊዜ ዞሮ ለመነ። በዚህ ሥርዓት ለማኙና ተቀባዩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፉለር ስለ ኬሪ ሲለምን ስለ ሌላ መለመኑ ግልጥ ነበር። ሀድሰን ቴለር ደግሞ በ1865 የቻይናን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሲያቋቁም፥ ማንንም ብር አትጠይቁ፥ በጉባኤአችንም መባ አትሰብስቡ ብሎ አዘዘ። ሎቲ ሙን የምትባለው ሴት ግን ከቻይና ሳትነሣ በደብዳቤ ጻፈች፤ በ1888 የአገሯ ሴቶች ከ3,300 ዶላር በላይ አዋጥተው ሦስት ረዳቶች እንዲላኩላት ሆነ። የዞረ፥ ዝም ያለ፥ የጻፈች፤ ሦስቱም ፍሬ አፍርተዋል። እንግዲህ ዋናው ነገር መንገዱ ሳይሆን የቃሉ እውነት ነው።

አሁን የንግግሩን ነውር በዝርዝር እናንሣ። አንደኛው ቍጥር ነው። ስንት ሰው አመነ፥ ስንት ቤት ተሠራ የሚለው ሂሳብ በሩቅ ያለ ሰሚ ሊመረምረው የማይችል ነውና፥ ተናጋሪውን ለፈተና ያጋልጣል። ሁለተኛው ሥዕል ነው። የተራበ ሕፃን ፊት በግድግዳ ላይ ይታያል፤ ሕፃኑ ግን ፊቱ በማያውቀው አገር በማያውቃቸው ሰዎች ፊት መቆሙን አያውቅም። እናቱ ብታይ ምን ትል ነበር ብሎ መጠየቅ ለተናጋሪው ጥሩ ልጓም ነው። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። አንድ ሰው ያንኑ ታሪክ በመቶ አጥቢያ ሲናገር፥ እንባው በዚያው ቃል ላይ በሰዓቱ መምጣት ይጀምራል። እኛም በየቀኑ ያንኑ ቅዳሴ እንቀድሳለን ትሉ ይሆናል። ቅዳሴው ግን የቀዳሹ የራሱ ቃል ስላልሆነ አይሰለችም፤ ካህኑ በውስጡ ይሰወራል። የግል እንባ ሲደገም ግን ተናጋሪው እየገነነ፥ ነገሩ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አራተኛውና ዋናው ነውር ተናጋሪው ራሱን የታሪኩ ጀግና ማድረጉ ነው። በዚህ ረገድ ስለ አገራችን የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ለምርመራችን ይጠቅማል፤ ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 በእንግሊዝኛ ያሳተመው፥ በአማርኛ «እሳት በተራሮች ላይ» ልንለው የምንችለው ነው። የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች በጣልያን ወረራ ዘመን ከወላይታ ወጥተው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለሱ፥ ትተዋቸው የሄዱት ጥቂት አማኞች ብዙ ሺህ ሆነው እንዳገኟቸው ይተርካል። የመጽሐፉ ብርታት ሚሲዮናዊው በታላቁ ሥራ ጊዜ በቦታው አለመኖሩ ነው። ሥራውን የሠሩት፥ መከራውንም የተቀበሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጸሓፊውም ይህን አልሸሸገም። ድካሙ ግን ከሽፋኑ ይጀምራል። በንኡስ ርእሱ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያወራ ይመስላልና፥ የፍሬምናጦስን ስም ያልሰማ የአንዲት ትንሽ ከተማ አንባቢ፥ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበረውን ሳያውቅ፥ ክርስትና በዚህ አገር ትናንት እንደ ጀመረ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ተናጋሪው ያላሰበውን ውሸት ሰሚው ከዝምታው ይሠራዋል። ስለዚህ ስለ ሌላ ሕዝብ በሩቅ የሚናገር ሰው፥ ከእርሱ በፊት ማን እንደ ነበረ መናገር ዕዳው ነው።

ነውሩን ብቻ መቍጠር ግን ፍርድ አይሆንም። ቤቱን እየሳበ የሚዞረው ሰው ምስጋና የሚገባው በብዙ ነገር ነው። በየቤቱ ሲያድር ልጆቹን በየአልጋው እየበተነ አስተናጋጆቹን አያስቸግርም፤ ሚስቱ በዘመድ ቤት ስትጠብቀው ወራት አያልፉም። ማኅበሩም ሰባኪውን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡን እንዳለ ያያል፤ ልጆቹ ሲጣሉ፥ እናታቸው ልብስ ስታሰጣ፥ አባት ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን ያያል። በንግግር የሚሸሸግ ነገር በግቢ ውስጥ አይሸሸግም። ለሰባኪ ከዚህ የበለጠ መርማሪ የለውም።

ዳሩ ግን ይህ ጥቅም ራሱ ሌላ ጉድለት ያመጣል። በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ ምዕራፍ 4 ሱነማይቱ ሴት ለኤልሳዕ ትንሽ ሰገነት ሠርታ አልጋና ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። ከዚህ ታሪክ የተነሣ በአሜሪካ ብዙ አጥቢያዎች ለተጓዥ ሰባኪ የሚያኖሩትን ክፍል የነቢይ ክፍል ይሉታል። አልጋውን፥ ጠረጴዛውን፥ ወንበሩንና መብራቱን በመንኰራኵር ላይ ጭኖ የሚመጣ ነቢይ ግን ለሱነማይቱ ምን ይተውላታል? ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛይቱ መልእክቱ ጋይዮስን የሚያመሰግነው እንግዶቹን ወንድሞች ስለ ተቀበለ ነው፤ ዲዮጥራጢስን የሚነቅፈውም ስላልተቀበለ ነው። እንግዳው ቤቱን ይዞ ከመጣ፥ ጋይዮስና ዲዮጥራጢስ በምን ይለያሉ? ገንዘብ መስጠት ቀላል ነው፤ እንግዳን በማዕድ ማስቀመጥ ግን ሰውን ያስተዋውቃል። ስለዚህ ባለ ካምፐሩ በቤቱ ቢያድርም፥ በሰው ማዕድ ሊበላ ይገባዋል እንላለን፤ የእንጀራው ዋጋ ትንሽ ቢሆንም ትርጓሜው ታላቅ ነውና።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ሌሎችን ለመንቀፍ ብቻ ከሆነ በከንቱ ደከምን። እኛም በመንገድ ዳር ሥዕል ዘርግተን፥ ጥላ ይዘን፥ በድምፅ ማጉያ ስለ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን እንለምናለን። አባቶቻችንም ስለ ገዳማትና ስለ አብነት ትምህርት ቤቶች እርዳታ ለመጠየቅ ባሕር ተሻግረው፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትን አጥቢያዎቻችንን እየዞሩ ይጐበኛሉ። የእኛም ንግግር በዚያው ሚዛን ይመዘን። ከገንዘቡ ጋር የቲቶ ባልንጀራ፥ ማኅበሩ የመረጠው ምስክር አብሮ አለን? የተሰበሰበው ለጕዞ ስንት፥ ለገዳሙ ስንት እንደ ሆነ ይነገራልን? በዓመቱ ተመልሶ የሆነውን የሚናገር አለን? ብዙ ጊዜ ልመናው ይመጣል፤ የአንጾኪያው ጉባኤ ግን አይመጣም። አሜሪካዊው መንገደኛ በዚህ ይበልጠናል፤ ነዳጁን አቃጥሎም ቢሆን፥ ተመልሶ መጥቶ ለሰጪው ይነግረዋል።

በቅኔ ቤት ልመና ላይ አንድ ያልተጻፈ ሥርዓት አለ። ተማሪው በደጅ ሲቆም በእንተ ስማ ለማርያም ይላል እንጂ፥ አባቴ ሞቶብኝ፥ አገሬ ርቆብኝ ብሎ የራሱን ታሪክ አያወጋም። በእመቤታችን ስም ይሰወራል። የምትሰጠው ሴትም የሰጠችው ለስሟ ነውና፥ ተማሪውን አላዋረደችውም፤ እርሷም አልታበየችም። ሂሳቡንም ተማሪው ከዓመታት በኋላ በማኅሌት ቆሞ በሚቀኘው ቅኔ ይከፍላል፤ ያች ሴት ምናልባት ከበሩ በስተ ኋላ ቆማ ትሰማው ይሆናል፥ ቍራሿ እዚያ መድረሱን ግን አታውቅም።

ሚሲዮናዊውም ቢሆን፥ መነኩሴውም ቢሆን፥ በካምፐርም ቢሄድ በእግር፥ ቃሉን ከዚህ ይማር። ራሱን ሰውሮ ሥራውን ይግለጥ፤ ስለ ድኻው ሲናገር ድኻው በፊቱ ተቀምጦ እንደሚሰማው አድርጎ ይናገር፤ የራሱ የሆነውን የራሴ ነው፥ የሌላውን የሌላ ነው ይበል፤ ምስክር አብሮት ይቁም፤ ከሰጡትም ሰዎች ጋር እንጀራ ይቍረስ። እንዲህ ያደረገ መንገደኛ አምስት ደቂቃ ቢናገር ይበቃዋል። ያላደረገ ግን ምድርን ሁሉ ቢዞር፥ የደከመው መንኰራኵሩ ብቻ ነው።